የኮምቦልቻው ያስሚን በደሴ ብርድ

ዐሊማና ባሏ ኢስሐቅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የመጡት በሽታ አስገድዷቸው ነው። ኢስሐቅ ዕድሜውን በጨርቅ ንግድ ያሳለፈ ሰው ነው፤ አያቱ ከየመን ተሻግረው፣ ወሎ አግብተው እዚያው የቀሩ። ስኳሩ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት። መጨረሻ ላይ የጨርቁን ዓይነት በጣቱ እየዳሰሰ ይለይ ነበር፤ ቀለሙን ግን ከዐሊማ ነበር የሚጠይቀው። ሱቁን ዘጉና ለሐኪሙም ለልጃቸው ለኢክራምም እንዲቀርቡ ብለው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራዩ።

ኢስሐቅ ከድሮው ቤት ይምጣልኝ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በራቸው ላይ የነበረውን ያስሚን። እሱን ነቅሎ ማምጣት የማይታሰብ ሆነ። ዐሊማ ከጎኑ ያቆጠቆጠውን ትንሹን ከነአፈሩ አንስታ በቀለም ባልዲ ተከለችው። ያስሚን ዓመት ከዓመት የሚኖር፣ ሙቀት ሲያገኝ ነጫጭ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ኮምቦልቻ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ያብባል። ደሴ ግን፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም፣ ዳገቱን ወጥተው ሲጨርሱ ሹራብ የሚደረብበት ከተማ ነው።

ክረምቱን እንደምንም ተሻገረ። ኅዳር ሲገባም ዐሊማ እንደ ኮምቦልቻው ደጅ ታሳድረው ነበር። አንድ ጠዋት ስትነሣ ቅጠሉ ጠቁሮና ተኮማትሮ አገኘችው። ውርጭ መቶታል። ደንግጣ ወደ ማድ ቤት አስገባችውና ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ይሄኛው ባሰ። ከብርዱ የተረፈውን ቅጠል ወላፈኑ አደረቀው።

ለባሏ አልነገረችውም። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቅጠሉን መዳሰስ ልማዱ ነበርና ባልዲውን አምጪልኝ አላት። ምክንያት እየፈለገች አሳለፈችው። በኋላ መላ ስታጣ አመጣችለት። ኢስሐቅ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ዳሰሰው፤ ቅጠሉ እጁ ላይ ተፈረፈረ።

"ደርቋል" አለ።

"ብርዱ መታው" አለችው።

"አብሽሪ። ግንዱን በጥፍርሽ ጫር አድርጊውና ምን ቀለም እንደሆነ ንገሪኝ።"

ዐሊማ ጎንበስ ብላ ቅርፊቱን ጫረችው። ቡናማ ነው። ወረድ ብላ ደገመችው፤ ያም ያው ነው። ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ስትጭረው ግን ለምለም ነገር ብቅ አለ።

"አረንጓዴ ነው" አለችው።

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው አለ።"

የደረቀውን ቆርጣ ጣለችው። ባልዲው ውስጥ የቀረችው ጉቶ ብቻ ነበረች።

ይህን ሁሉ አከራያቸው ሰርካዲስ ከበረንዳዋ ሆና ታያለች። ሰርካዲስ የዐሊማ እኩያ ናት። ባሏ ወልደ ሚካኤል አናጢ ነው፤ በረንዳቸውን በመስታወት የዘጋው እሱ ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለሆነ ፀሐይ ብቅ ካለች ጀምሮ ይሞቃል። ሰርካዲስ መጥታ ባልዲውን አነሣችው። ዐሊማ ቦታ ያጣብባችኋል ብላ ስትግደረደር፣ ከጠበበን እኛ እንወጣለታለን ብላት ይዛው ሄደች።

ኢክራም መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ የግድግዳ ሙቀት መለኪያ አመጣችላቸው። ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በረንዳው ቀን ቀን ሃያ አምስት ዲግሪ ይደርሳል፤ ንጋት ላይ ግን ወደ ስድስት ያሽቆለቁላል። ዐሊማና ኢስሐቅ የሚተኙበት ክፍል ከአሥራ አምስት አይወርድም፤ ብርሃን ግን የለውም። ስለዚህ ያስሚኑ ቀን ሰርካዲስ ዘንድ ይዋል፣ ማታ ዐሊማ ዘንድ ይደር ተባለ። ወልደ ሚካኤል ባልዲው የሚገፋበት ባለ ጎማ ሳንቃ ሠራለት፤ ብርድ ከሥር እንዳይገባም ጭድ አነጠፈበት። ውሃውንም ዐሊማ ከቧንቧ እንደወጣ አትሰጠውም፤ ፀሐይ ላይ አውላ ለብ ሲል ነው፤ ያውም ጥቂት፣ በብርድ ወራት ሥሩ ከረጠበ ይበሰብሳልና። እኩለ ቀን ላይ መስታወቱ ሲግል ደግሞ ሰርካዲስ አንዱን መስኮት ገርበብ ታደርጋለች።

ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ጉቶዋ ለጋ ቡቃያ አወጣች። ኢስሐቅ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገውና፣ የሕፃን ጆሮ ይመስላል አለ።

በዚያው ሰሞን ሐርቡ የምትኖር የኢስሐቅ እኅት አረፈች። መርዶው እንደደረሰ ክፍላቸውን ቆልፈው በጥድፊያ ወረዱ። ያስሚኑ በረንዳው ላይ ነበር። ሐርቡ ሙቀቱ ነጠላ እንኳ ያስጥላል፤ ዐሊማ ለቀስተኛ መካከል ተቀምጣ የምታስበው ግን የደሴን ውርጭ ነው። የክፍላቸው ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እንዳትደውል፣ በለቅሶ ቤት ስለ አበባ መጠየቅ አሳፈራት።

ሰደቃው ካለፈ በኋላ ተመለሱ። በረንዳው ባዶ ነው። ዐሊማ ባልዲውን በዓይኗ ፈለገች። ሰርካዲስ ግን እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ አስገባቻት። ባልዲው ከአልጋው ራስጌ ቆሟል፤ የወልደ ሚካኤል ጋቢ ተጠምጥሞበታል። ግራና ቀኙ ቢጫ ጄሪካን አለ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰርካዲስ በየማታው ውሃ እያሞቀች ትሞላቸው ነበር። ወልደ ሚካኤል ጋቢውን ለያስሚኑ ትቶ ካፖርቱን ለብሶ ነው የሰነበተው። ቡቃያው ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ቅጠሉን ዘርግቷል።

ለቅሶ ቤት እንባ አልወጣ ያላት ዐሊማ እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"ሰርኬ፣ ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?"

"ምን ውለታ አለው? ጋሽ ኢስሐቅ ከሐዘን ሲመለሱ ሌላ ሐዘን ይጠብቃቸው?"

መጋቢት ሲገባ ንጋቱም እየሞቀ ሄደና ባልዲውን ማመላለሱ ቀረ። ሚያዝያ ላይ እንቡጥ አወጣ፤ በፋሲካ ዋዜማ ፈነዳ። ኢስሐቅ ከደረጃው ሆኖ ሽታው ሲደርሰው ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ። ከዚያ ዐሊማ አበባውን እንድትቀጥፈው ጠየቃት። ጥቂት ነውና ለራሳችን ይቆይልን ብትለው አልተስማማም።

"የመጀመሪያው የእነሱ ነው" አላት።

አበባውን በሳህን አድርጎ ራሱ ተሸከመ፤ ዐሊማ ክንዱን ይዛ በግቢው አሻገረችው። ወልደ ሚካኤል ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው። ኢስሐቅ እንኳን አደረሳችሁ ካለ በኋላ እጁን ዘርግቶ ለቤቱ ዱዓ አደረገ። ሰርካዲስ አሜን እያለች ሳህኑን ከበዓሉ ዳቦ አጠገብ አኖረችው።

የኮምቦልቻ ዘመዶቿ ሲደውሉ ደሴን እንዴት ለመዳችሁት ብለው ዐሊማን ይጠይቋታል። ብርዱን ገና አልለመድኩትም፣ አላህ ግን እኅት ሰጥቶኛል ትላቸዋለች።