በቡና ለቀማ ወራት ያስታመመኝ ሰው

መጀመሪያ የደነዘዙት የእግር ጣቶቼ ናቸው። ቴፒ ውስጥ ከቤቴ ወደማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሄድ ጫማዬ የጠበበኝ መሰለኝ። ክፍል ገብቼ ከጠረጴዛው ሥር አወለቅሁት። ጫማው ወልቆም ጣቶቼ እንደ ታሰሩ ነበሩ፤ ውስጣቸው ጉንዳን የሚሄድ ያህል ይነዝረኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ይዞኝ ድኜ ነበር። ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም።

በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ አመለጠ። ላነሣው ጎንበስ ካልኩ በኋላ ቀና ማለት አቃተኝ። ተማሪዎቹ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ጠረጴዛውን ተመርኩዤ ቆምኩ፣ ትምህርቱንም ጨረስኩ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መውረድ አልቻልኩም። ትኩሳት የለኝም። አእምሮዬ ንጹሕ ነው። እግሬን አያለሁ፤ እግሬ ግን አይታዘዘኝም።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን ግቢ የከፈተ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ብርቄ የመጀመሪያ ልጃችንን በኦፕራሲዮን ተገላግላ ገና አራስ ነበረች። ከባድ ነገር እንዳታነሣ ተነግሯታል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ነርስ አይቶኝ «ይህ የእኛ አቅም አይደለም፣ ሚዛን ሆስፒታል ውሰዱት» ሲል፣ ተሸክሞ መኪና ላይ የሚያወጣኝ ሰው ስላስፈለገ ብርቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከች። የመጣው ጋሽ ወልዴ ነው።

ስለ እሱ ጥቂት ልበል። እኔ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነበርኩ። እኛ ጋ «አገልጋይ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ማይክ የያዘውን ነው። ጋሽ ወልዴ እሑድ እሑድ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ በሩን ይከፍታል፣ አግዳሚዎቹን ይደረድራል፣ ሰው ሲበተን ይጠርጋል። አገልጋይ ብሎ የጠራው ሰው አላስታውስም። የሸኮ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ነው። ከሚዛን መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ መንደር ከሚስቱ ከእትዬ አበበች ጋር አነስተኛ የቡና መሬት አለው። እኔን ሊያወጣኝ ሲመጣ ቡናው መቅላት ጀምሮ ነበር። ሊጭነኝ እንጂ ሊቆይ አልመጣም። የለበሰውን ሸሚዝ ብቻ ነው የያዘው።

ሚዛን ሆስፒታል ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ክርኔንም መታ። ያው ነው።

«የነርቭ ነገር ነው» አለኝ። «ወደ ላይ እየወጣ ነው። ዛሬውኑ ጅማ መሄድ አለብህ።»

ጅማ ስንደርስ እጆቼም ደክመው ነበር። ከጀርባዬ ፈሳሽ ወስደው መረመሩ። ያየችኝ ዶክተር ወጣት ነች፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በግልጽ ነገረችኝ።

«ጊያን ባሬ ሲንድሮም ይባላል። አንዳንዴ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና የራሱን ነርቭ ያጠቃል። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። አሁን የምሰጋው ለመተንፈሻህ ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት እዚህ አናገኝም። ስለዚህ የሚያተርፍህ ክትትልና ጥሩ አስታማሚ ነው። አስታማሚህ ማን ነው?»

ጋሽ ወልዴ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

ዶክተሯ ስትወጣ «ቡናህስ?» አልኩት።

«አበበች አለች» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ሆዴን መቆጣጠር አቃተኝ። አልጋዬ ላይ ተበላሸሁ። ይህን ሳልደብቅ የምጽፈው ሕሙማን እንዲህ እንደሚደርስ እንዲያውቁ ብዬ ነው። ጋሽ ወልዴ ሳፋና ውኃ ይዞ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ማዞር የምችለው እሱን ብቻ ነበር።

«ነርሷን ጥራልኝ» አልኩት። ምላሴ መተሳሰር ጀምሯል።

«ነርሷ ብዙ በሽተኛ አላት» አለ። «እኔ አንድ አለኝ።»

አጠበኝ። አልቸኮለም፣ አልተጸየፈም፣ ሊያጽናናኝም አልሞከረም። ሲጨርስ አንሶላውን ይዞ ወደ ማጠቢያው ወጣ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እኔ ስንት ጊዜ ለወጣቶች አስተምሬ ነበር። እግሬን አታጥብም ያለው ደቀ መዝሙር ምን ተሰምቶት እንደ ነበር የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ማጠብ ከባድ መስሎኝ ኖሯል። መታጠብ ይብስ ነበር።

ከዚያ ድካሙ ደረቴ ላይ ደረሰ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ትራስ ከፍ ተደርጎልኛል። አየር ይገባል፤ አይበቃኝም። ምራቄን መዋጥ አልችልም። ጋሽ ወልዴ በጨርቅ ይጠርግልኛል። ዶክተሯ መጣች።

«በአንድ ትንፋሽ ቁጠርልኝ» አለች።

ጠዋት ሃያ ደርሼ ነበር። አሁን አሥራ ሦስት ላይ ቆምኩ።

«ከአሥር በታች ከወረደ ቱቦ አስገብተን ማሽን ላይ እናደርግሃለን» አለች። ማሽኑ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ላይ ነበር። እሷም አልደበቀችኝም።

እንደገና መጣች። አሥራ አንድ።

ሞትን ፈርቻለሁ። ብዙ የዘመርኩለት ሰማይ በዚያ ሰዓት አልታየኝም። የታየችኝ ልጄ ነች። ጋሽ ወልዴ የቀኝ እጄን ያዘ። መያዙን አያለሁ፤ አይሰማኝም። በተሰባበረ አማርኛው ጸለየ።

«ጌታ ሆይ፣ ይሄን ሰው አትውሰድ። ልጁ ስም ገና የላትም።»

ያ ብቻ ነው ጸሎቱ። ከዚያ ጨርቁን አጥቦ አፌን መጥረጉን ቀጠለ።

አሥራ አንድ ላይ ቆመ። በማግስቱም አሥራ አንድ ነበር። ቀጥሎ አሥራ አራት ሆነ። ማሽኑ አላስፈለገኝም። ለምን እዚያ ላይ እንደ ቆመ ዶክተሯን ጠይቄአት ነበር፤ «ሕመሙ አንድ ቦታ ደርሶ ይቆማል፤ የሚቆምበትን ግን አስቀድመን ማወቅ አንችልም» አለችኝ። እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እሷንም አመሰገንኳት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ረጅም መጋደም ነው። አካሌ ያለ ስሜት አንድ ቦታ ከቆየ የአልጋ ቁስል ስለሚወጣ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ነበረብኝ፤ ጋሽ ወልዴም ከአልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፎ እየተኛ ቀንም ሌሊትም ገለበጠኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጅማት እንዳያጥር ቁርጭምጭሚቴንና ጣቶቼን እንዴት ማንቀሳቀስ እንደሚገባ አሳየው። ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ሁሴን የጅማ ልጅ ስለ ነበር እኅቱን ልኮልን፣ በየቀኑ ሾርባ ታመጣልን ነበር፤ ለጋሽ ወልዴም የሚለውጠው ሸሚዝ ያመጣችለት እሷ ነች። እንዲህ እያልን የለቀማው ወር አለፈ።

በትራስ ተደግፌ መቀመጥ ስችል ቴፒ ተመለስን። የከፋው ያለፈ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ነበራት። ከሌላ ከተማ የመጣው እንግዳ ሰባኪ ስለ እኔ ሲሰማ ከብዙ ሰው ጋር ቤቴ መጣ። ጸለየ፤ ድምፁ ትልቅ ነበር። ከዚያ «በእምነት ተነሥተህ ተራመድ» አለኝ። ከመዘምራኖቼ ሁለቱ ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። መናገር ነበረብኝ። እግሮቼ እንደማይሸከሙኝ አውቃለሁ። ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ብርቄም ልጃችንን ይዛ ታየኛለች። እኔም ፈለግሁት። «ልቀቁት» አላቸው። ለቀቁኝ።

ወደቅሁ። ከአንገቴ ሥር እስከ ግራ ትከሻዬ ያለው አጥንት፣ ሐኪሞቹ ክላቪክል የሚሉት፣ ተሰበረ። ሰባኪው ጥርጥር መንገዱን እንደ ዘጋው ተናግሮ፣ ሌላ አጭር ጸሎት አድርሶ ወጣ። ሰውም ተከትሎት ወጣ።

ጋሽ ወልዴ ያን ቀን ከቡናው የተረፈውን ለማስጣት መንደሩ ነበር። ሲመሽ መጣ። ብርቄ እያለቀሰች ነገረችው። ነጠላ አጥፎ ክንዴን አንገቴ ላይ አሰረልኝና ጤና ጣቢያ የሚወስደንን ባጃጅ ሊፈልግ ተነሣ።

«ጋሽ ወልዴ» አልኩት፣ «የጎደለው እምነቴ ነው?»

«እኔ እሱን አላውቅም» አለ። «ዶክተሯ ቀስ ይላል ብላ ነበር። ከጠዋት ወዲህ ምንም አልበላህም፤ ስንመለስ ትበላለህ።»

ያ መልስ ከብዙ ስብከት የበለጠ አሳረፈኝ ብል ማጋነን አይደለም። ከእኔ ሌላ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም፤ መታከም፣ መብላት፣ መቆየት ብቻ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በኋላ መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ሁለቱ መዘምራንም አለቀሱ። ይቅር አልኳቸው። እኔም ዝም ብዬ ነበር።

ነርቭ ሲመለስ በሄደበት ተቃራኒ ነው የሚመለሰው፤ እኔ ዘንድ እንዲያ ሆነ። በመጨረሻ የተያዘው ፊቴ ገና ጅማ ሳለን መጀመሪያ ተፈታና መሳቅ ቻልኩ፣ ቀጥሎ መዋጥ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያም እጆቼ እየተንቀጠቀጡ ማንኪያ ያዙ፤ ማንኪያው አፌ ደርሶ ሳይፈስ የገባበትን ምሳ ብርቄ ዛሬም ታነሣዋለች። ልጃችንን ደረቴ ላይ ያስተኙልኝ ነበር፤ ክንዶቼን አጥፌ ያቀፍኳት ቀን ስም አወጣንላትና ጽናት አልናት። ጋሽ ወልዴ በየማለዳው ከመንደሩ እየመጣ እግሮቼን ያሠራኝ ነበር፣ በኋላ በክራንች ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጭቃው እንዳያንሸራትተኝ ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ እስከ ዋናው መንገድ ወሰደኝ።

በቀጣዩ ዓመት ቡናው ሲቀላ ሐኪም ጣቶቼን በጥቃቅን ሥራ እንዳለማምድ ነግሮኝ ስለ ነበር መንደራቸው ድረስ በአንድ ክራንች ሄድኩ። የሣር ቤታቸውን ያን ጊዜ አየሁት። ባለፈው ዓመት ቆርቆሮ ሊያለብሱት አስበው እንደ ነበር ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። አንዱ ጥግ ፈርሶ በእንጨት ተደግፏል። እትዬ አበበች ከቡናው ሥር ቅርጫት ሰጠችኝና ጎን ለጎን መልቀም ጀመርን። ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ መቀንጠስ ለእኔ ጣቶች ትልቅ ሥራ ነበር። ብዙ ጣልኩ። እሷ የጣልኩትን እያነሣች ታስገባለች።

«እትዬ አበበች» አልኳት፣ «አምና ብቻሽን ምን ሆንሽ?»

«የቻልኩትን ለቀምኩ» አለች። «ሌላው ረገፈ። ጦጣም በላው። ወልዴ ሲመጣ ቡናው መሬት ላይ ነበር። ተናደድኩበት። አልዋሽህም፣ መምህር።»

«እሱስ ምን አለ?»

«የረገፈውን ማንሣት ጀመረ። ከዚያ እኔም ጠየቅኩት፤ ‹ሰውዬው ዳነ?› አልኩት። ‹እጁን አነሣ› አለኝ። ‹እንግዲያ ይሁን› አልኩት።»

መልቀሟን ቀጠለች። ብዙ ሰው የጋሽ ወልዴን ነገር ሲሰማ እሱን ያመሰግናል፤ መስዋዕቱ ግን የሁለት ሰው ነው፤ እሷ ማንም ሳያያት ከፍላዋለች። በዚያ በጋ ከመዘምራን ጋር ሆነን ጣራውን ለወጥን። ውለታ መመለስ አይባልም። ክረምት ሳይመጣ መደረግ የነበረበት ሥራ ነው።

ዛሬ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ። የግራ እግሬ ሲደክመኝ ይጎተታል፤ ረጅም ሰዓት መቆምም አልችልም። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም፤ ይበቃኛል ግን።

ይህን የምታነቡ ሕሙማን፣ እግራችሁ ደንዝዞ ድካሙ ከቀን ወደ ቀን ወደ ላይ ከወጣ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። እስትንፋስ ካጠረ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ይህ ሕመም አብዛኛውን ሰው ይለቃል፤ የሚለቀው ግን በወራት እንጂ በአንድ የጸሎት ስብሰባ ላይሆን ይችላል፤ የዘገየባችሁ እግዚአብሔር ስለ ተዋችሁ አይደለም። ማንም «ተነሥ» ቢላችሁ እግራችሁ የሚነግራችሁን ተናገሩ። ልብሳችሁን የሚለውጥላችሁ ሰው ሲመጣም ፊታችሁን አታዙሩበት። እኔ አዙሬ የእሱን ፊት ሳላይ ብዙ ቀን አልፎኛል፤ በኋላ ሳየው ፊቱ ላይ የምፈራው ነገር አልነበረም።

ለሚያስታምሙ፦ የቆዳውን መቅላት በየቀኑ እዩ፣ ማገላበጡን አትርሱ፣ እናንተም ተራ እየተለዋወጣችሁ ተኙ።

ብርቄን፣ ያችን ዶክተር፣ ሁሴንንና እኅቱን፣ ጋሽ ወልዴንና እትዬ አበበችን አመሰግናለሁ። የመዘምራን መሪነቱን ለሌላ አስረክቤአለሁ፤ አሁን ከጋሽ ወልዴ ጋር የታመሙትን እንጠይቃለን። አዲስ ወጣት አብሮን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ገና ከበሩ ምን እንዘምር ብሎ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ውኃ ይሙቅ፣ አንሶላውም ይታጠብ እለዋለሁ፤ መዝሙሩ ይደርሳል።