ንፋስ ፍለጋ

መጀመሪያ የከዳኝ ግራ እጄ ነው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጆጉን አነሣሁ፤ ወደቀ። ድጋሚ አነሣሁት፤ ድጋሚ ወደቀ። ተናድጄ እናቴን ልጠራ አፌን ስከፍት ምላሴ ወፍሮ አልታዘዝ አለኝ። እናቴ ከውስጥ ወጥታ ፊቴን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከንፈሬ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ነበር።

«ልጄን ንፋስ መታብኝ» አለች።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ለተኛባችሁ ወይም ራሳችሁ ለተኛችሁ ነው። እኛ ዘንድ የሰው ፊት ከተጣመመ ንፋስ መትቶታል ይባላል። ንፋስ የመታው ሰው ደግሞ ሌላ ንፋስ እንዳይደርስበት ይሸፈናል። እናቴም የምታውቀውን አደረገች። በሩን ዘጋች። መስኮቷን በጨርቅ ደፈነች። ጋቢ ደረበችልኝ፤ በላዩ ብርድ ልብስ። ጤና አዳም አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ። መመለስ አልችልም። ግራ እግሬ የለም። አለመኖሩም አያመኝም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አየር። እሱን ለማለት ምላስ አልነበረኝም።

ያተረፈችኝ ፋጡማ ናት። ፋጡማ በአንድ ግቢ አብራን የምትከራይ ጎረቤታችን ናት፤ ከገበያ ስትመለስ በራችን በጠራራ ፀሐይ መዘጋቱ ከነከናት። ገብታ ጋቢውን ገለጠች። አጎቷ እንዲህ ሆኖ ሞቶባት ስለነበር መጠየቅም አላስፈለጋት። «ወላሂ ይሄ ንፋስ አይደለም» አለችና ባጃጅ ልታመጣ ሮጠች።

ሆስፒታል ውስጥ ግፊቴን ለኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት። መቼ እንደጀመረኝ እናቴን ጠየቃት። ጠዋት፣ አለችው። ሰዓቱን አየ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። እንደዘገየን ገባኝ። ወደ ደሴ ላኩኝ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ስትሮክ ነው አሉ። ወደ አንጎሌ ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘግቷል። ምክንያቱ የደም ግፊት ነው፤ ዓረብ አገር በሰው ቤት ስለፋ ይዞኝ፣ ራስ ምታት ነው እያልኩ ተሸክሜው የመጣሁት ግፊት።

ወደ ከተማችን ወደ መካነ ሰላም የተመለስኩት በሰው ትከሻ ነው። በቀጠሮዬ ቀን ያ ልጅ እግር ሐኪም እግሬን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ለእናቴ አሳያት፤ ፊዚዮቴራፒ ይባላል አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ከሁሉ በላይ ግን ይራመዱ። ለጥ ያለ፣ ለስላሳ መሬት ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ንፋስ እየተቀበሉ። ዋናዎቹ እነዚህ የመጀመሪያ ወራት ናቸው፤ አሁን ያልተመለሰ እግር በኋላ ያስቸግራል።»

እናቴ ደነገጠች። «ዶክተር፣ ንፋስ የመታትን ልጅ ደግሞ ንፋስ ተቀበይ ይሏታል?»

ሳቀ፤ ከዚያ ስለ ደም መርጋት በእርጋታ አስረዳት። እሷም እሺ አለችው። ቤት ስንገባ መስኮቱን እንደገና ደፈነችው። ከእሷ ጋር በመስኮቱ ስንት ተጨቃጨቅን! ምላሴ ሲፈታ መጀመሪያ አጥርቼ የተናገርኩት «ክፈቺው» የሚለውን ነው።

በመጨረሻ ከፈተችው። የገባው ግን ንፋስ አልነበረም። አቧራ ነው። የምንኖረው ከታች ሰፈር ነው፤ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተሳስሞ፣ መጸዳጃ ቤቱ ለግቢው ሁሉ አንድ ሆኖ። ከበራችን ወጣ ሲሉ አይሱዙ የሚያቦንነው መንገድ አለ፣ ወዲህ ዞር ሲሉ ክዳኑ የተሰበረ ቦይ፣ ወዲያ ሲሉ ጤነኛን የሚያንሸራትት ኮብልስቶን ዳገት። ከኋላችን የነበረው ባሕር ዛፍ ለሕንፃ ማቆሚያ ተቆርጦ ካለቀ ቆይቷል። ላይ ሰፈር ሌላ ነው። እዚያ ዛፉ ከግንብ አጥር አልፎ መንገዱን ያጠላል። የተተከለውን ችግኝ የምታጠጣው ቦቴ ሽቅብ የምትወጣው በእኛ በር ነው፤ አቧራዋን ለእኛ፣ ውሃዋን ለእነሱ። ይህን ሳስብ ግፊቴ ይነሣል፤ ቢሆንም አስበዋለሁ።

አንድ ሜዳ ነበረን። ልጅ ሳለሁ ከብት የሚውልበት፣ እኛም እስኪመሽ የምንሯሯጥበት፣ የማንም ያልሆነ ሜዳ። ዓረብ አገር ከርሜ ስመጣ ታጥሯል። ሣር ተተክሎበት፣ አበባ ተደርድሮበት፣ «አረንጓዴ መናፈሻ» ተብሎ ለአንድ ነጋዴ ተሰጥቷል። ሐኪሙ ያለኝ መሬት ይኸው ነው ብዬ እናቴንና ፋጡማን ግራና ቀኝ ተደግፌ ሄድኩ። ዘበኛው ደግ ሽማግሌ ነው፤ አላመናጨቀንም።

«እትዬ፣ ምን ሊያዝዙ ነው? ግቢው ለተስተናጋጅ ነው።»

ሻይ አዘዝን። ሻዩን ጠጣን። ከዚያ ዱላዬን ይዤ ሣሩ ላይ አንድ እግሬን ሳስቀምጥ አስተናጋጇ ሮጣ መጣችና ሣሩ ላይ የተተከለውን ጽሑፍ አሳየችኝ። ሣሩን አይርገጡ ይላል። በድንጋዩ መንገድ ልሂድ ብላት ተስተናጋጅ ይረበሻል አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከወዲያ ጠረጴዛ የተቀመጡት ሰዎች አፌ ሲንጠባጠብ አይተው ፊታቸውን አዙረዋል። እናቴ በነጠላዋ አገጬን ጠረገችልኝ። ወጣን።

ዓረብ አገር ሳለሁ የእመቤቴን አሮጊት እናት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አመሻሽ ላይ መናፈሻ እወስዳት ነበር። አገሩ በረሃ ነው፤ ሣሩ በቧንቧ ካልጠጣ ባንድ ጊዜ ይነዳል። እዚያ የሚታዘዝ ነገር የለም፤ በሩ ክፍት ነው፤ አሮጊቷን ሣሩ ላይ አቁሜ እጇን ይዤ አራምዳታለሁ። ዝናብ ከማይጠፋበት ደጋ ተወልጄ፣ ሣር ሳይለምኑት በሚበቅልበት አገር፣ የምረግጠው ሣር አጣሁ። ከመናፈሻው ተመልሼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ወሩ አለፈ፤ ሌላውም ተከተለው። እግሬ እየቀጠነ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሰበችው ፋጡማ ናት፤ ክርስቲያኖቹ ሁለታችን አላሰብነውም። «እናንተ ግቢ ያን የሚያህል ወይራ አለ አይደል እንዴ» አለች። አለ። ወይራውም ጽዱም አለ፣ ለጥ ያለ ሣርም አለ። ሣሩ ያለው ግን መቃብር መሃል ነው። እናቴ አማተበች፤ ነፍስ ያላት ልጇ ሙታን መሃል ወዲያ ወዲህ ስትል ሟርት መሰላት። የነፍስ አባታችንን ልታማክር ሄደች። እሳቸው አላንገራገሩም።

«ጥላው የእግዚአብሔር ነው። ዝም ብላ ትራመድ» አሏት።

እንግዲህ መራመድ ዳግመኛ የተማርኩት መቃብር ላይ ነው። ዳገቱን ፋጡማ ደግፋ ታወጣኛለች፤ በሩ ላይ ስንደርስ ለእናቴ አስረክባኝ እሷ ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ከእናቴ እጅ ስወጣ የመቃብሩን ሲሚንቶ እየያዝኩ ከአንዱ ወደ አንዱ እሄዳለሁ፣ ስደክም የማላውቀው ሰው ራስጌ ላይ አረፍ እላለሁ፣ ወይራው ላዬ ላይ ሲወዛወዝ ያ ሐኪም ያለው ንፋስ ፊቴን ይነካኛል፤ ፋጡማም ከበሩ ወዲያ ሆና «አብሽሪ!» ትለኛለች። እዚያም ቢሆን ሴራሚክ የለበሰው መቃብር ጥላው ሥር ነው፤ የድሃው ድንጋይ ወደ አጥሩ ተገፍቶ ፀሐይ ይመታዋል። ይህንንም ዱላ ይዤ ስዞር አየሁ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲያገዳ ሲሚንቶውን ትቼ በዱላዬ ብቻ እሄድ ጀመር፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ደግሞ እናቴ ከኋላዬ መከተሏን ትታ ወይራው ሥር ተቀምጣ ጥጧን ትፈትል ነበር።

እናቴን አመሰግናለሁ፤ በፍቅር ሸፍናኝ፣ በፍቅር ገልጣኛለች። ፋጡማን ጀሊሉ ይክፈላት፤ እኔ ልከፍላት አልችልም። የነፍስ አባቴንና ያን ሐኪም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ቃል ከተሳሰረ፣ አትሸፍኑ። ንፋስ ነው የሚላችሁ ሰው በፍቅር ነው የሚላችሁ፤ አትስሙት፤ ሆስፒታል ሩጡ። ግፊታችሁን ሳያማችሁ ተለኩ። ከዚያ የምትራመዱበት ቦታ ዕለቱኑ ፈልጉ። መናፈሻ ቢዘጋባችሁ እንደ እኔ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አታዙሩ፤ መስጊድ ግቢም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ለምናችሁ ግቡ።

እኔ ዛሬ ያለ ሰው እሄዳለሁ። ግራ እግሬ ግን መሬቱን ይጎትታል፤ ጣቶቹ አይነሡም። በመጨረሻው ቀጠሮዬ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አስኬዶኝ አየና እነዚያን የመጀመሪያ ወራት ብራመድባቸው ኖሮ ይሄ እግር ይነሣ ነበር አለኝ። እንዲህ እየጠነከርኩ ያኔ ለምን እንደተኛሁ ጠየቀኝ፤ አሞኝ እንደሆነ፣ ፈርቼ እንደሆነ።

«የምረግጠው መሬት አጥቼ ነው» አልኩት።

ካርዴ ላይ ሊጽፈው እስክሪብቶውን አነሣ። ካርዱን ከላይ እስከ ታች አየና፣ እንዲህ ያለው የሚጻፍበት ቦታ አጥቶ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።