ቧንቧው ከረግረጉ የሚወጣበት ቦታ

ከሐይቅ ከተማ ወጥቶ በውኃው ዳር ወደ እነ አያ ኑርዬ ሰፈር የሚሄድ ሰው ረግረጉ ጠርዝ ላይ አንድ የድንጋይ ክምር ያገኛል። ከሥሩ ቧንቧ አለ። ከማዶው ምንጭ ተነሥቶ ረግረጉን በሰያፍ ያቋርጥና ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ታጥፎ ደረቁን መሬት ይዞ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። ለምን እዚያ ላይ እንደታጠፈ የሚያውቅ ሰው እየቀነሰ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ስንለካ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ነበር። ያጠፈችው ግን ሂንድ ሙዘይን ናት።

ሂንድ የሐይቅ ልጅ፣ በ1978 ዓ.ም. እኔ ጂኦግራፊ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነበረች። አባቷ ከባቲ ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ ሞቶ እናቷ በመንገዱ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ቀርተዋል። ሰዎች «ደረቅ ናት» ይሏት ነበር። ያልገባትን ነገር እሺ አትልም፤ የገባትንም ሁለት ጊዜ ሳታጣራ አትቀበልም። ያን ጊዜ ሁላችንም እሺ ማለት ለምደን ስለነበር ይህ ጠባይዋ ያስፈራን ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት ባለ ስድስት ሜትር ሁለት መቶ አርባ የብረት ቧንቧ አራግፎ ሄደ። የሚጠበቀው ባለሙያ ሳይመጣ ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ «መለካት የሚችል ሰው ስጡን» ብሎ ትምህርት ቤታችንን ጠየቀ፤ ሂንድና እኔ ሄድን።

ምንጩ ከረግረጉ ማዶ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ረግረጉ አራት መቶ ሜትር ይሰፋል። ሰፈሩ ከወዲህኛው ዳር ነው፤ ግን ከምንጩ ትይዩ ሳይሆን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ታች ወረድ ብሎ። የሚቆፍሩት አርባ አምስት አባወራዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ርሀብ ዘራቸውን የበሉ ሰዎች ዘንድሮ ዘር በእርዳታ አግኝተዋል፤ ዝናቡ ሊገባ ነው፤ መሬቱ ግን ገና አልታረሰም። እያንዳንዱ የቁፋሮ ቀን ከእርሻ የሚወሰድ ቀን ነበር።

ሂንድ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቧንቧው አልነበረም። ከአርባ አምስቱ በዕድሜ የሚበልጡትን አያ ኑርዬን፣ «በወንፈል ስትሠሩ የረግረግና የደረቅ ቁፋሮ እንዴት ነው የምትመላለሱት?» አለቻቸው።

«ምን እኩል አለው ልጄ! ረግረግ ሦስት ክንድ ለቆፈረልኝ እኔ ደረቅ አምስት ክንድ እቆፍርለታለሁ። የአባቶቻችን ነው። እዚያ ውስጥ እኮ ውኃ ስትጨልፊ፣ ድንጋይ ስትደረድሪ፣ አልቅት ከእግርሽ ስትነቅዪ ነው የምትውዪው።»

«አምስት ለሦስት» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ሱሪ ለብሳ ከእነሱ ጋር ረግረግ ገባች። ማታ ስትወጣ፣ አንድ ሰው በቀን አንድ ሜትር ረግረግ ቆፍሮ በድንጋይ እንደሚያበጅ አረጋግጣ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ በባዶ ክፍል ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሣለችላቸው። አያ ኑርዬ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«እኔ የምልሽ፣ ቶሎ ከረግረጉ እንውጣ። ቀጥ ብሎ ተሻግሮ ደረቁን ይያዝ።»

«እሱ ሃያ አምስት ቀን ይፈጅባችኋል።»

«ወረዳው የላከብን ካድሬ የሚለውስ?»

«ከምንጩ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ። ሁሉም ረግረግ ነው፤ ሃያ ስምንት ቀን።»

«ታዲያ የኔ ይሻላላ!»

«የአንቱም ልክ አይደለም።»

«ኧረ ወላሂ! አንቺም ካድሬ ሆንሽ?»

ሳቀችና ጠመኔውን በረግረጉ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። «መውጫችንን አንድ እርምጃ ወደ ሰፈሩ ብንገፋው ረግረጉ ትንሽ ይረዝማል፣ ደረቁ አንድ እርምጃ ያጥራል። መጀመሪያ ላይ ትርፉ ይበልጣል። እየገፋን ስንሄድ ትርፉ እየመነመነ ይመጣል። ትርፍና ኪሳራው እኩል የሚሆኑበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ እንቆማለን። ካልኩለስ የሚባለው ይኸው ነው።» ቦታው ከምንጩ ትይዩ ወደ ሰፈሩ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ሆነ። አምስት መቶ ሜትር ረግረግ፣ ዘጠኝ መቶ ደረቅ፣ ሃያ ሦስት ቀን።

አያ ኑርዬ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከካድሬው አምስት ቀን ተረፈን ማለት ነው። በአምስት ቀን ስንት ይታረሳል አንቺ!»

ካድሬው ጓድ አሻግሬ ይባላል፤ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። ስብሰባውን የጠራው እዚያው ክፍል ነበር። ገበሬዎቹ ወንበሩን ሞልተው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«ከሁሉ አጭሩ ቀጥታ መስመር መሆኑን አንደኛ ክፍል ነው የተማርነው» አለ። «በኔ መስመር ከመምህርቷ መስመር ይልቅ ሃያ ሦስት ቧንቧ ይተርፋል። ቧንቧ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው።»

«ለቧንቧው ልክ ነዎት» አለች ሂንድ። «ለሰዉስ?»

«የሰዉ ጉልበት የልማት መዋጮ ነው፤ በነፃ ነው። በሒሳብሽ ውስጥ ዜሮ አድርጊውና ዕቅዱ ላይ ፈርሚ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዛሬም ያን ወለል ከነስንጥቁ አስታውሰዋለሁ።

ሂንድ ሰሌዳው ላይ የድካሙን ልክ የጻፈችባቸውን አምስትና ሦስት በመዳፏ አጠፋቻቸው። ፈራች ብዬ ነበር። ዞር ብላ ጠመኔውን ዘረጋችለት።

«ቦታው ይኸው። ዜሮ ከሆነ መልሱ የእርስዎ መስመር ነው፤ ሒሳቡ ያንን አይክድም። እኔ ግን አልጽፈውም። ባለፈው ወር እዚችው ክፍል ቆመው የሀብት ሁሉ ምንጭ ጉልበት ነው ብለው አስተምረውናል። የነዚህ ሰዎች ጉልበት ዜሮ ነው የሚለውን እርስዎ ራስዎ ይጻፉት፤ እነሱ እያዩ።»

አሻግሬ ጠመኔውን ተቀበለ። ወደ ሰሌዳው ሁለት እርምጃ ሄደ።

ከኋላ የአያ ኑርዬ ድምፅ መጣ። «አብሽር ጓድ፣ ጻፍ! እኛም ዋጋችንን እንወቅ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አሻግሬ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«ይሄ ነገር እዚህ አያበቃም፣ ጓድ ሂንድ!»

«አያበቃም። ነገ ጠዋት ሦስት መቶ ሜትሩ ላይ እንጀምራለን።»

ጀመሩም። በሃያኛው ቀን የዝውውር ደብዳቤዋ መጣ፤ ሁለት ቀን በመኪና የሚያስኬድ ቆላ፣ «ለሥራው አስፈላጊነት»። በአስቸኳይ ሂጂ ይላል። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ረግረጉ ተመለሰች። በሃያ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ የጠራ ውኃ ለቀቀ። እስኪጠራ ጠብቃ በእፍኟ ጠጣችና ልብሷን ልትሸክፍ ሄደች። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ከዚያ ቆላ አልመለሷትም። አንድም ቀን ማመልከቻ አልጻፈችም።

በማግስቱ ማለዳ እስከ ደሴ ልሸኛት አብሬያት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከከተማው ወጣ እንዳልን የእናቷ መሬት ላይ ሰው ሞልቶ አየን። በሬ የተረፈው ጥቂት ስለነበር አብዛኛው በዶማ ነው የሚቆፍረው። ሂንድ ሹፌሩን አስቆመችና በመስኮት ብቅ አለች።

«አያ ኑርዬ! አምስት ቀን የተረፋችሁ የራሳችሁን እንድታርሱበት እኮ ነው!»

አያ ኑርዬ ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

«አንቺ አንድ ቀን ረግረግ ገብተሽ ቆፍረሽልን የለም? ወንፈል ነው፣ ይመለሳል! አራቱ ለኛ ይበቃናል። ዜሮ ናችሁ ያለን ሰውዬ ይምጣና ይቁጠረን!»

አርባ አምስቱም ነበሩ። ሂንድ በጣቷ እየጠቆመች እስከ መጨረሻው ቆጠረቻቸው፤ ሹፌሩ ጡሩምባውን ቢነፋም ሳትጨርስ አልተቀመጠችም።