ዘመድ የሌለበት ሰፈር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ጎንደር ፒያሳ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀጠርኩ። የቢሮው ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ደምሴ ወንበር ሰጡኝና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአዲስ አበባ ካርታ በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ የሦስት ቀን የአዲስ አበባ ጉብኝት ፕሮግራም አውጪላቸው አሉኝ። አዲስ አበባን አይቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

«ይሻላል» አሉ። «ከተማውን የሚያውቅ ሰው ፕሮግራም ማውጣት አይችልም። መንገዱ የሚፈጀው ጊዜ ትዝ እያለው እጁ ይያዛል።»

የእሳቸው እጅ ተይዞ አያውቅም። ጠዋት ሙዚየም፣ ረፋድ ላይ መርካቶ፣ ለምሳ እንጦጦ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሙዚየም እያሉ በአንድ ቀን ይደረድሩ ነበር። ተኝተውባቸው የማያውቁትን ሆቴሎች ፍራሽ ለደንበኛ ያመሰግናሉ።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ስም እንደ መታወቂያው ይጻፋል። ቦታ ይያዛል። ሆቴል ይደወላል፤ ማረጋገጫ ሳይገኝ ስልክ አይዘጋም። ከዚያ ፕሮግራሙ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይተየባል፤ አንዱ ለተጓዡ፣ አንዱ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለፋይል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ካርቦኑ ቀረ፤ ሦስቱ ቅጂ አልቀረም። ትኬት ክፍል ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፕሮግራም ክፍል የሚባለው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ ባል የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ ሚስት አስተማሪ ነበሩ። ፕሮግራማቸውን ሳልሳሳት ተየብኩ። ሲመለሱ ሙዚየሙ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ባል ሚስቱን አየ። ሚስት፣ ታክሲው በዚያ ሲያልፍ አይተነዋል አለች። በዚያ ያለፉት በርበሬ ሊያደርሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ አበባ ሊሄድ ነው ከተባለ ለሰፈሩ ሁሉ ፖስታ ቤት ይሆናል። አንዷ ለልጇ ሽሮ፣ ሌላዋ ለእህቷ ቅቤ ትልካለች። ዕቃው የደረሰለት ሰው ደግሞ ቤቴ ሳትገባ አትሄድም ይላል። ገብቶ ሳይበላ መውጣት የለም። እንትና ቤት በልቶ እንትና ቤት አለመብላት ቅያሜ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን ለጉብኝት የሄደ ሰው ሦስት ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም» ሲባል ከርሞ ይመለሳል። ያየው ሰው ቤት የተሰቀለ የምረቃ ፎቶግራፍ ነው።

ቢሮው የተከፈተው ለፈረንጅ ነበር። ፈረንጅ ቀላል ደንበኛ ነው፤ ዘመድ የለውም። የጻፍኩለትን ሁሉ አይቶ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ካልተከበረም ይቆጣል። የእኛ ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለስና ያመሰግናል።

የተማረ ሰው ይሻል ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ብልሃት አገኘሁ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ለስብሰባ ነው የምሄደው አለ። ስብሰባ ከሆነማ የመሥሪያ ቤት መኪና አለው ተብሎ የሌላው እጥፍ ተላከበት። ቅቤው መንገድ ላይ ቀልጦ ሙዚየም ሊገባበት የገዛውን ነጭ ሸሚዝ አራሰው። ሙዚየሙ ሳይታይ ቀረ፤ ሸሚዙም ሙዚየም የሚገባ ሆነ።

ወደ እኛ የሚመጡትም ያው ናቸው። ለአዲ አርቃይና ለዛሪማ ሰው ትልቁ ከተማ ጎንደር ነው። አያ ካሳ የሚባሉ የአዲ አርቃይ ነጋዴ ሚስታቸውን ግንቡን ላሳያት ብለው መጥተው በእኛ በኩል አልጋ ያዙ። ሊመለሱ ሲሉ ግንቡ እንዴት ነበር አልኳቸው።

«ባጃጁ ሲያልፍ አየነው» አሉ። «ሆስፒታሉን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀነዋል። የታመመ ዘመድ በየክፍሉ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲቀመጥ ከመታወቂያው ቀጥሎ የምጠይቀው ጥያቄ ጨመርኩ፤ እዚያ ማን አለዎት እላለሁ። ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ሳቁብኝ። ደንበኛ ዘሩን ሊቆጥር አልመጣም አሉ። እኔ ግን በመልሱ ልክ ፕሮግራሙን እቀንስ ጀመር። ስድስት ዘመድ ላለው ሰው አንድ ሙዚየም ጻፍኩ። አሥር ዘመድ ላለው መልካም ጉዞ ብቻ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ጊዜ ሲቀረኝ እትዬ አስካለ መጡ። ከዳባት መጥተው ጎንደር የኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ዕድሜያችን ይቀራረባል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና አዲስ አበባን ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ሄደው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አምስት ጊዜ።»

«ታዲያ ምን አዩ?»

«የልጄን ጓዳ አየሁ። የወንድሜን ጓዳ አየሁ። የእህቴን ልጅ ጓዳ ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ለሠርጓ፣ አንዴ ስትወልድ። አምስተኛው ለቅሶ ነበር። እሱ እንኳ ድስቱ የተጣደው ደጅ ስለነበር ሸጋ አየር ነበረው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኔም የማውቃቸው ጓዳዎች አሉ።

ቸኩለዋል። የልጃቸው ሚስት ነፍሰ ጡር ናት። ስትወልድ ይጠራሉ፤ ከተጠሩ ደግሞ ሕፃኑ ቆሞ እስኪሄድ መመለስ የለም። ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ማስቸገር ጀምሯል። «ከዚያ ወዲያ ከተማውን የማየው ሕፃን አዝዬ በመስኮት ነው» አሉ። የሚፈልጉት ሦስት ቀን ነው። ከመንገዱ በላይ የሚሄደውን ባቡር መሳፈር፣ ከተማውን ከከፍታ ማየት፣ ሌላ ሰው ያበሰለውን ተቀምጦ መብላት። ዋናው ነገር ደግሞ ዘመድ አንድም እንዳይሰማ።

ካርታው ሥር ቆመን ሰፈር መሰረዝ ጀመርን። ሰሚት ልጃቸው አለ። ኮልፌ ወንድማቸው። ገርጂ የእህታቸው ልጅ። ሣር ቤት የክርስትና ልጅ። እሳቸው ስም ሲጠሩ እኔ በእርሳስ ሳከብ ከተማው አለቀ። በመጨረሻ ስታዲየም አካባቢ ማንም የማይኖርባት ቁራጭ ተረፈች። ባቡሩም በዚያ ያልፋል። እዚያው አንድ ትንሽ ሆቴል ደውዬ፣ ደረጃ እንዳይበዛባቸው አንደኛ ፎቅ ክፍል ያዝኩ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላቸው፣ ስማቸውን በወረቀት ይዞ የሚቆም ታደለ የሚባል የታወቀ ሹፌር አዘጋጀሁ።

የቀረው ለጎረቤት የሚነገረው ነበር። አርጅተውም ወንበራቸውን ያልለቀቁት ጋሽ ደምሴ ጸበል ልሄድ ነው ይበሉ አሉ።

«በጸበል ተዋሽቶ በምን ይዳናል?» አሉ እትዬ አስካለ።

ራሳቸው አሰቡና ደባርቅ እሄዳለሁ ልበል አሉ። ደባርቅ ለሚሄድ በርበሬ የሚልክ የለም። አንድ ቀን ደግሞ መሄዴ ስለማይቀር ውሸት አይደለም አሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ የእኛ ትኬት ክፍል ቢቀጠሩ ኖሮ አሉ።

የጉዞው ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። አንዲት ጎረቤታቸው የወንድሟን ልጅ ልትሸኝ መጥታ አይታቸዋለች። የልጁ ሻንጣ ኪሎ ስላለፈ የተመለሰ የበርበሬ ፌስታል በእጇ ነበር። እግዜር ነው ያመጣዎት ብላ ሰጠቻቸው። አየር ጤና ላለች ልጇ ነው።

«እምቢ አይሉም ነበር?» አልኳቸው።

«አደራ እኮ ነው» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ጎረቤቲቱ ከአዘዞ ፒያሳ እስክትደርስ አልጠበቀችም፤ የቢሯችንን ስም በትኬቱ ፖስታ ላይ አይታ ኖሮ እዚያው ሆና ለልጃቸው ደወለች። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የሰሚቱ ልጅ ነው። መሐንዲስ ነው፤ ለሰላምታ ጊዜ አልነበረውም። እናቱን የት እንዳሳደርንበት ጠየቀ። ገና እንዳላደሩ ነገርኩት። የሆቴሉን ስም ንገሪኝ አለ። ፕሮግራም የሚሰጠው ለተጓዡ ብቻ ነው አልኩት።

«እኔ እኮ ልጃቸው ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። እንዳይሰማ ብለው መጀመሪያ የጠሩልኝ የእርስዎን ስም ነው።»

አውሮፕላን ማረፊያ አገኛታለሁ ብሎ ዘጋ። ጋሽ ደምሴ ገንዘባቸውን መልሺና ለልጃቸው ተያቸው፤ የቤተሰብ ጠብ የእኛ ሥራ አይደለም አሉ። እኔ ለታደለ ደውዬ ወረቀቱን ከፍ አድርገህ ያዝ አልኩት።

የሆነውን ታደለ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ ከዚያው ደወለ። እትዬ፣ እዚህ አንድ ሰው እናቴ ናት ይላል አለ። ናቸው፤ ደንበኛዬም ናቸው አልኩት። እንግዲህ ማን ይውሰዳቸው አለ። እሳቸው ይናገሩ አልኩ።

እትዬ አስካለ በአንድ እጅ ቦርሳ፣ በአንድ እጅ ፌስታል ይዘው ወጡ። ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ ቦርሳውን ያዘ። ታደለ በሌላ በኩል ከነወረቀቱ ቆሟል። ልጁ ሚስቱ ከሰማችበት ደቂቃ ጀምሮ እያበሰለች እንደሆነ ተናገረ። በዚያ ሆዷ ለምን ታበስላለች አሉት።

«እማ፣ የእኔ ቤት እያለ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚልህን አላውቅም። እኔን ግን አምስት ጊዜ መጥቼ ምን አየሽ ያለኝ የለም።»

ሥራ እየበዛብኝ ነው እንጂ አለ።

«ሥራ የበዛብኝስ እኔ ነበርኩ» አሉት።

ታደለ እንደሚለው ልጁ ቦርሳውን አልለቀቀም። እትዬ አስካለ አዩትና ቦርሳውን ተቀብለው በምትኩ ፌስታሉን አስጨበጡት። «ይህን አየር ጤና አድርስልኝ። እኔ ፕሮግራም አለኝ» አሉና ወደ ታደለ መኪና ሄዱ።

አደራ እምቢ አይባልም። መሐንዲሱ ቅዳሜውን ከሰሚት አየር ጤና ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሄደ። ያውም ከተማው ለመንገድ ሥራ በተቆፈረበት ጊዜ። እዚያም ሳይበላ አልተለቀቀም። ሲወጣ ኮልፌ የሚደርስ ሌላ ፌስታል ተሰጠው። ኮልፌ ደግሞ አጎቱ ነው ያለው፤ እናትህን ሆቴል አሳደርክ የሚለውን እዚያ እራት ላይ ሰማ።

እትዬ አስካለ ተመልሰው ቢሮ መጡ። እንደ ደንቡ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ባቡሩን ሁለት ጊዜ ተሳፍረዋል፤ በመጀመሪያው ወንበር አላገኙም ነበር። እንጦጦ ዳባትን ይመስላል፤ ልዩነቱ ብርዱን ለማየት ይከፈላል አሉ። ሙዚየም የጥንቷን ሴት አጽም አይተዋል።

«ትንሽ ናት» አሉ። «ግን ተጋድማለች። የሚያስነሣት የለም።»

ምግብ ቤት የገቡ ቀን አስተናጋጁ ምን ልታዘዝ ሲላቸው መልሱ ጠፋቸው። ምን ይበላል ብሎ የሚጠይቀው ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ያለውን አምጣልኝ አሉት። ዓሣ ሆነ። አልወደዱትም፤ ግን ጨረሱት። የቀረውን ጊዜ ሆቴሉ በር ላይ ተቀምጠው ሰው ሲያልፍ ሲያዩ ዋሉ። ከጎብኚዎቼ ሁሉ ፕሮግራሜን ያለ ጉድለት የፈጸሙ የአገር ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ምራታቸው ስትወልድ ተጠሩ፤ ሄዱ። ጓዳውን ያዙ። ያንን ጉዞ እኔ አላዘጋጀሁም፤ ልጁ ትኬቱን በሌላ ቢሮ ቆረጠ። ጉልበታቸው ከዚያ ወዲህ ደረጃ አላወጣቸውም።

ወሬው ግን ጎንደር ገብቶ ነበር። በዕድሜ የገፉ ሴቶች አንድ አንድ እያሉ መምጣት ጀመሩ። በሩ ላይ ግራ ቀኝ አይተው ይገቡና እንደ እትዬ አስካለ ይላሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲያዩ ትልቅ ባነር አሠርተን በር ላይ እንስቀል አሉ። ማንም እንዳይሰማ የሚደረግ ጉዞ በባነር አይነገርም አልኳቸው። ቢያዝኑም ተዉት።

አሁን በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ለአገር ሰው የከተማ ጉብኝት ስታዘጋጁ አስቀድማችሁ ዘመዶቹ የሚኖሩበትን ሰፈር ጠይቁ። ሆቴሉን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።