ከቼኩ ጋር ያልመለስኩት ምስክርነት

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ልመሰክር ነው የተነሳሁት። የምመሰክረው ግን ካሁን በፊት እዚሁ ቆሜ በመሰከርኩት ላይ ነው። ወረቀት የያዝኩትም ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ ንባቤም ቀስ ያለ ነው፤ ታገሱኝ። ያን ጊዜ ያለ ወረቀት ተናግሬ ቃል ጨምሬ ነበር። ዛሬ አንድም እንዳልጨምር ብዬ ነው።

የማታውቁኝ ካላችሁ ዘነበች እባላለሁ። ልጆቼ አንድ ቦታ አታርፍም ይሉኛል። ሁለት ወር ማውንትሌክ ቴራስ ሰፈር ሴት ልጄ ሂሩት ጋ ነኝ፣ ሁለት ወር ሬኒየር ቢች ሰፈር ወንድ ልጄ ብሩክ ጋ። ሻንጣዬ ሙሉ በሙሉ ተፈትታ አታውቅም።

ድሮም እንዲሁ ነበርኩ። ባሌ ሲሞት ሁለቱን ልጆች ላሳድግ ቅቤ ነጋዴ ሆንኩ። ከሸኖ ገዝቼ በየገበያው እዞራለሁ። ጌታን ሳላውቅ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ቅቤው ውስጥ ሙዝ እለውስበት ነበር። ከላይ ለጋውን እቀባና በኮባ እጠቀልለዋለሁ። ገዢው ጥፍሩን ሰክቶ ያሸታል፤ ላዩ እውነተኛ ነው፣ ይገዛኛል። አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፣ አራስ ነበረች። "ያንቺን ሳላሸት ነው የምገዛው" ትለኝ ነበር። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እዚህ አገር መጥቼ፣ ሂሩት ቤት በተደረገ ጸሎት ላይ ጌታን ተቀበልኩ፤ ስሙ ይባረክ። የቅቤውን ኃጢአት ተናዝዤ አለቀስኩ። አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም።

ኢኮኖሚው ወድቆ መንግሥት ለሕዝቡ የድጎማ ቼክ የላከበትን ዓመት ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ብሩክ በተማሪ ቪዛ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ካፌ ሰሃን ያጥባል፣ እሁድ እሁድ እዚህ ኪቦርድ ይጫወታል። ለሱም በስሙ ቼክ መጣ። እኔ ደግሞ የዓይን ግፊት ይዞኝ ነበር። ዶክተሯ "የግራው እየጠፋ ነው። የጠፋውን አልመልስም፣ የቀረውን ግን ቶሎ ከጀመርን ማቆየት እንችላለን" ብላኝ ነበር። ኢንሹራንስ የለኝም። እጸልይ ነበር። ብሩክ ቼኩን ካሽ አደረገና ገንዘቡን በፖስታ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። "እማዬ፣ ለዓይንሽ" አለኝ።

እሁድ እዚህ ቆምኩ። "ጌታ ቀድሞ በሕልሜ ነግሮኛል፣ ፖስታውን አሳይቶኛል" አልኳችሁ። ወገኖቼ፣ አላሳየኝም። ሕልም አላየሁም። ገንዘብ መጣልኝ ማለት ብቻ ስላነሰብኝ ነው የጨመርኩት። እናንተ አሜን አላችሁ፣ እልል አላችሁ፣ ያለቀሳችሁም ነበራችሁ። እኔም አስራቱን አውጥቼ ሰጠሁ።

በሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎችን ሰበሰበ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ታክስ የሚሞላበት ፎርም ሌላ ነው፣ የነዋሪውን የሞላችሁ ካላችሁ ያ ቼክ በስህተት ነው የመጣላችሁ፣ ፎርሙን አርማችሁ ገንዘቡን መልሱ አሏቸው። ብሩክ ሰው እንዳሳየው የነዋሪውን ነበር የሞላው። ሊነግረኝ እየሮጠ ቤት መጣ። እኔ በስልክ ለሰው ሕልሜን እየተረክሁ ነበር። በር ላይ ቆሞ ሰማኝና ዝም አለ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ዝምታው ሁለት ወር ቆየ። ኪቦርዱን ተወ። እሁድ ሲደርስ ራሴን አመመኝ ይላል። ከሥራ ይመጣል፣ እህል አይቀምስም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔ ክፉ መንፈስ ነው አልኩ። ሽማግሌዎቻችንን ቤት ጠራሁ፤ እጅ ጭነው ጸለዩለት። አስቡት እንግዲህ። ልጁ አፉን የዘጋው በኔ ምክንያት ነው፣ እኔ ደግሞ ራስጌው ቆሜ የያዘው ይልቀቀው እላለሁ። የያዘው እኔ ነበርኩ።

ሕክምናውን የምጀምርበት ቀን ደረሰና ሄድን። የሚያስተረጉምልኝ ብሩክ ነው። ዶክተሯ ብዙ ተናገረች። እሱ አንዱንም አልተረጎመልኝም።

"ምን አለች?" አልኩት። ወለሉን ያያል።

"አንተ ልጅ፣ ታወርሽ ነው ያለችኝ?"

"እማዬ፣ ገንዘቡ የኛ አይደለም።"

"ዶክተሯ ናት እንዲህ ያለችው? እሷን ምን አገባት?"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

እዚያው ወንበር ላይ ሁሉንም ነገረኝ። እንባው ወረደ። ዶክተሯ ሶፍት ያቀበለችው ለሱ ነው፤ የታመመው ማን እንደሆነ ግራ ገብቷት ይሆናል።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ጌታ በሕልም ነግሮሻል። እኔ ማን ነኝና በስህተት ነው የመጣው የምልሽ?"

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ያቺ አራስ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ሳታሸት የምትገዛኝ። የገዛ ልጄም ሳያሸት ገዝቶኝ ኖሯል።

"ልጄ፣ ሕልም አላየሁም" አልኩት። በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ ይህች ቃል ከበደችኝ። ጌታን የተቀበልኩት ሂሩት ቤት ነው። የተመለስኩት ግን እዚያ የዓይን ሐኪም ወንበር ላይ ነው። ስሙ ይባረክ።

ሂሩት ስትሰማ በስልክ ተቆጣችን። "ሊስን፣ ስሚኝ እማዬ፣ ማን ጠየቃችሁ? ዝም ብትሉ ማንም አያውቅም። ራሱን ሪፖርት ካደረገ በኋላ ቪዛውን ቢነኩበትስ? ልጁን ልታስባርሪው ነው? ደግሞ ዓይንሽስ?" አለችኝ። ብሩክም ፈርቶ ነበር። "ቢያባርሩኝስ?" አለኝ። "የኔ ሻንጣ እንደሆነ ታስራለች፣ አብረን እንሄዳለን" አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

አስራቱ ከናንተ ጋ ስለነበር ገንዘቡ አልሞላም። ገንዘብ ያዣችን ወንድም ታደሰ ጋ ሄድኩ።

"እማማ፣ አስራት ተመልሶ እኮ አያውቅም" አለኝ።

"እኔም ምስክርነት መልሼ አላውቅም። አብረን እንጀምራ" አልኩት።

ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አየና ተወው። ከመጋቢያችን ጋር ተነጋግረው ሰጡኝ። ፎርሙ ታረመ፣ ገንዘቡ ከደብዳቤ ጋር ተላከ። ከዚያ ምንም የለም። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅን። ብሩክ የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ ይከፍታል። በመጨረሻ አንዲት ወረቀት መጣች፤ ደርሶናል ትላለች። በቃ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ የለባትም። ቪዛውን ግን ማንም አልነካበትም።

ዓይኔስ? ተአምር ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ቆይቶ በነጻ የሚያክም ክሊኒክ ተገኘልኝ፣ የሚሰጡኝ ጠብታ ቀኙን ይዞልኛል። ግራው ግን አልጠበቀኝም። በግራ በኩል የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ ድምፃችሁን እንጂ ፊታችሁን አላይም። አንዳንድ ጠዋት ዝናቡን እየሰማሁ አለቅሳለሁ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ጌታ ግን እዚያው አጠገቤ ነው።

ገንዘቡን ቶሎ መለስኩ። ምስክርነቱን ለመመለስ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ቆየሁ። ከናንተ አፍሬ ነው። ይቅር በሉኝ። ያን እሁድ ያላችሁልኝ አሜን የኔ አልነበረም፤ ዛሬ መልሼላችኋለሁ።

መዘምራኑ ብሩክ ተመልሶ መጫወት ሲጀምር ኪቦርዱን ለምን ወደ ቀኝ በኩል እንዳዛወረ ይጠይቁ ነበር። በደህናው ዓይኔ ሳየው እንድውል ነው። ጌታ የጠፋብኝን ልጅ መልሶልኛል፤ ክብር ለሱ ይሁን።

እናንተም እመኑት። ምንም አትጨምሩለት፤ እሱ ያደረገው ይበቃል። በሻንጣችሁ የሌላ ሰው ነገር ይዛችሁ መመለሱን የፈራችሁ ካላችሁ፣ ስንጨርስ በሩ ጋ ነኝ። መሥሪያ ቤትም ይሁን የሰው ቤት፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ እግሬ ደህና ነው።