ያንኑ ግጥም መልሶ ማንበብ

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና ጨርሼ ቢቸና ስገባ፣ እናቴ ዕረፍቴን ሞጣ አክስቴ ዘንድ እንዳሳልፍ ጠየቀችኝ። የአክስቴ ባል የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ አክስቴን ጸሎት እምቢ ብሏቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሳለማሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን «አባታችን ሆይ» ብለው ይጀምሩና መሐል ላይ ይቆማሉ። ይህን ለእናቴ በስልክ የነገሯት ራሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ስለሆኑ ደስ ይላቸዋል ብዬ፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን የግጥም መጽሐፍ ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ጧት ግቢያቸው ካለው ጌሾ አጠገብ ተቀምጠን ሦስት ግጥሞች አከታትዬ አነበብኩላቸው። ከእያንዳንዱ በኋላ ቤት አመታቱን፣ ዘይቤውንና መልእክቱን ክፍል ውስጥ እንደተማርነው አብራራሁ። አክስቴ በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ «ዛሬ ተማሪዋ እኔ ሆንኩ፤ ፈተናው መቼ ነው?» ብለው ሳቁ። ከነገ ጀምሮ አንድ ብቻ እንዳነብና ከዚያ ዝም እንድንል ነገሩኝ። ባላቸው ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ቆጠራ ይሰዷቸው ነበር፤ ብቻቸውን ዛፍ ስር ተቀምጠው እንዲያስቡ። ሳይቆይ የተመለሰውን መልሰው ይልኩት እንደነበርም አጫወቱኝ።

በማግስቱ አንድ ግጥም አነበብኩ። በድርቅ ጊዜ ማሰሮዋን ደጅ አውጥታ ዝናብ ስለምትጠብቅ ሴት ነበር። ከዚያ ዝም አልን። ዝምታ ይከብደኛል፤ መጀመሪያ እጄ ወደ ስልኬ ሄደ። ቀስ በቀስ ግን ንባቡ ካለቀ በኋላም ሴትዮዋ ውስጤ ቆማ ስትቀር ተሰማኝ። አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ግጥም መረጥኩ፤ በአራተኛውም ሌላ። ይህን ያደረግኩት አስቤበት ነው። በእኛ አገር አንዴ የተባለ ቅኔን ደግሞ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ይዞ ይመጣል። በመምህር ቤት ያደረ ግጥም ማቅረብ ድፍረት መስሎኝ ከምሳ በኋላ ለነገ የሚሆነውን ስመርጥ እውል ነበር። አክስቴ ሁሉንም በጨዋነት ያዳምጣሉ፤ ዓይናቸውን ግን አይጨፍኑም።

በአምስተኛው ቀን መጽሐፉን ስገልጥ እጃቸውን ገጹ ላይ አኖሩ።

«ማሰሮዋን ያወጣችው ሴትዮ የት ሄደች?»

«እሱማ ተነቧል፣ እትዬ። የተባለው እንዳይደገም ብዬ ነው።»

እጃቸውን ከገጹ ላይ አላነሡም። ባላቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ሲያቀርቡ እሳቸው ሴቶች ከሚቆሙበት ሆነው ድምፁን ብቻ ይሰሙ እንደነበር፣ ቤት ሲመለሱ ፍቺውን እንደሚነግሯቸው፣ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ሌላ እንደሚመጣ ነገሩኝ። አንዱም አልተጻፈም።

«የመምህሩ ቅኔ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ተሰምቶ አለፈ» አሉ። «ዛሬ አንዲት እንኳ እጄ ላይ የለችም። አንቺ ደግሞ ያገኘሁትን ልትነጥቂኝ ነው ወይ፣ ልጄ?»

አፈርኩ። ገጹን ወደ ኋላ መልሼ ያንኑ ግጥም አነበብኩ። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምኩት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ጧቶች ያነበብነው እሱን ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሙሉውን፣ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ብቻ። ስደጋግመው የማብራራው ነገር እያለቀብኝ ሄደ። በእውነት ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

ወደ ቢቸና ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ሴትዮዋ ወደ ሰማይ ቀና ከምትልበት መስመር ስደርስ አክስቴ ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው አማተቡ። ንባቤን አቋረጥኩ። «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩ። መሐል ላይ ድምፃቸው ቀጠነና ጠፋ፤ እኔም ልቀጥልላቸው ብዬ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ቆየት ብለው ራሳቸው ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻው አደረሱት። መጽሐፉን አጥፌ አጠገባቸው ቆምኩ። «አሜን» ያልኩት ከእሳቸው ዘግይቼ ነው።