የማይዋስ ቢላዋ

ሄይካ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ወገቡን ነው። በሰሜን አውሮፓ ጫፍ፣ በሳሚ አገር፣ አጋዘን እየተከተለ በረዶ ላይ የሚውል ሁሉ ቀበቶው ላይ ሁለት ቢላዋ ያንጠለጥላል። በትንሿ፣ በአጋዘን ጥጃ ጆሮ ላይ የባለቤቱ ምልክት ይቆረጥባታል፣ ሥጋም ይበለትባታል፤ በትልቁ ደግሞ ቅርንጫፍ ይመነጠርበታል፣ እንጨት ይፈለጥበታል። «ትንሿ ታበላሃለች፣ ትልቁ ያሳድርሃል» ይላል ሄይካ። የከተማ ሰው መጋዝና ኮምፓስ የተገጠመለት የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ታጥቆ ከመጣማ፣ «ይሄ ጥርስም ይፍቃል?» እያለ መውጫ መግቢያ ያሳጣዋል።

የራሱን ትልቅ ቢላዋ የሠራው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለቱን ከአሮጌ መጋዝ፣ እጀታውን ከበርች ዛፍ ጉጥና ከአጋዘን ቀንድ አበጀው። አርባ ስድስት ክረምት ሙሉ ከወገቡ አልፈታውም፤ አንድም ቀን ለማንም አውሶት አያውቅም። ድሮ በዚህ ይኮራ ነበር። አሁን ወሬው ሲነሳ አንገቱን ይደፋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወገቡን አሞት ቤት ዋለ። ልጁ ዱኦማ ከመንጋው የተነጠሉ አጋዘኖች ሊፈልግ ብቻውን ሊወጣ ነው። የዱኦማ ትልቅ ቢላዋ እጀታው ተሰንጥቆ፣ የተጣበቀበት ሙጫ ገና አልደረቀም። የአባቱ ቢላዋ ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

«አባ፣ ለዛሬ ብቻ አውሰኝ።»

«ቢላዋ አይዋስም። በሰው ዕቃ የለመደ የራሱን አይጠብቅም።»

«አንተ እንደሆነ ተኝተሃል። ለማን ነው የምታስቀምጠው? ለአይጥ?»

«እጀታ ለማይሰነጥቅ ሰው።»

ዱኦማ ሳቀ። እስከ ዛሬ ሄይካን እንቅልፍ የሚነሳው ያ ሳቅ ነው። ቢቆጣ፣ በሩን ቢያላትመው ይሻል ነበር። እሱ ግን እየሳቀ ትንሿን ቢላ ብቻ ታጥቆ የበረዶ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የበረዶ ማዕበል ተነሳ። በአራተኛው ቀን አገኙት። ሞተሩ ጅረት ውስጥ ሰምጧል፤ ዱኦማ ከበርች ዛፎች ሥር ተኮራምቷል። አጠገቡ የእሳት አመድ ነበር። ትንሿ ቢላ የቻለችውን ጭራሮ ሁሉ ቆርጦ አንድዷል። ከዚያ ደረቅ ግንድ ሊፈልጥ ሞክሮ ኖሮ፣ የትንሿ ቢላ ጫፍ እንጨቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «በዚያ ብርድ ምንም ቢይዝ አይተርፍም ነበር» እያለ አጽናናው። ሄይካም ይህችን ቃል እንደ መድኃኒት ጠዋት ማታ ይላት ጀመር። ቢላዋውን ግን ዳግመኛ አልታጠቀም።

መንጋው ሰው ሲያጣ ሴት ልጁ ራውድና የከተማ ሥራዋን ትታ መጣች። ሁለት ክረምት ሙሉ ከሱቅ የገዛችውን ቢላዋ ታጥቃ ስትወጣ፣ ወደ ምስማሩ ቀና ብላም አታይም። ዘንድሮ መንጋው ለክረምቱ ወደ ባሕሩ ሊወርድ በተነሳበት ጠዋት፣ ሦስት ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«ምረጥልኝ» አለችው።

ሄይካ አንድ በአንድ አነሳቸው። «ይሄ ስለቱ ስስ ነው፤ የበረደ እንጨት ሲነካ ይሸረፋል። ይሄ በጓንት ያንሸራትታል። ይሄ...» መለሰና አስቀመጠው። «ይሄ ዳቦ ይቁረጥ።» ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ከምስማሩ አወረደ። «ይሄን ያዢ። ያንቺ ነው፣ ውረሺው።»

ራውድና እጇን አልዘረጋችም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄን ይዞ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመላለሳት ቃል። ዓይኗን ሲያይ ግን ተዋት።

«ይተርፍ ነበር» አለ። «ያንን ግንድ ቢፈልጠው ያድር ነበር። ያላሳደርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ራውድና አባብላው አታውቅም፤ አሁንም አላባበለችውም። አጠገቡ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች። ቡናው እሳት ላይ ገነፈለ፤ ማንም አላነሳውም።

በመጨረሻ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣች።

«አልወርሰውም» አለች። «አውሰኝ። እስከ ፀደይ።»

ሄይካ ቀና ብሎ አያት።

«አውሼሻለሁ» አለ፣ እንደ ምንም።

«እመልሰዋለሁ። ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

ትንሿን የራሷን፣ ትልቁን የአባቷን ቢላዋ ታጥቃ ወጣች። የበረዶ ሞተሩ ድምፅ የረጋውን ሐይቅ ተሻግሮ እስኪጠፋ ድረስ ሄይካ ደጁ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ዞሮ ባዶውን ምስማር በእጁ ነካው።

«ውሰደው» አለ። «ለዛሬ ብቻ አይደለም፣ ዱኦማ፤ ውሰደው።»

በሩ እንደ ተከፈተ ነበር፤ ቤቱ ቀዘቀዘ።